ውጤቱ ለባለ ጉድጓዱ ይመለስ

ከወልቂጤ ጋራዦች እስከ ቡታጅራ ማሳዎች፦ አደገኛ ቆሻሻ፣ የከተማ ነዋሪና ዩኒቨርሲቲ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወርድ የጭነት መኪና 155 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወልቂጤ ላይ ያርፋል። ሾፌሩ ምሳ ቤት ሲገባ ረዳቱ ጎሚስታ ጋ ይሄዳል። ዘይት መቀየሪያው የደረሰ መኪና ደግሞ ወደ ጋራዥ ይጠጋል። መካኒኩ ካርቶን አንጥፎ ከሞተሩ ሥር በጀርባው ይገባና ቡሎኑን ይፈታል። ጥቁርና ትኩስ የሆነው የተቃጠለ ዘይት እየተንቆረቆረ ይወርዳል። በአቅራቢያው ቆርቆሮ ካለ ቆርቆሮው ይቀበለዋል፤ ምስጥ እንዳይበላበት የአጥር እንጨቱን ሊቀባበት የሚወስደው ጎረቤትም አይጠፋም። የተረፈውን መሬት ይጠጣዋል። በዓመታት ውስጥ የእንዲህ ያለ ግቢ አፈር ይጠቁራል፣ ይጠጥራል፣ ሣር ማብቀል ያቆማል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሚያብረቀርቀውን ቅባት ከላዩ ገፎ ወደ ቦዩ ይወስደዋል። ይህ የወልቂጤ ብቻ መልክ አይደለም፤ በአገራችን በመኪና መንገድ ላይ ያደገ ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ ግቢ አለው።

ከጉራጌ ተራሮች ማዶ፣ ከዓለም ገና በሚመጣው መንገድ ላይ ያለችው ቡታጅራ ደግሞ ከማሳ ጋር የተሳሰረች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ጫት ይለቀማል፤ የማረቆ በርበሬ ከዚሁ አካባቢ ይመጣል። ትል ቅጠሉን ሲጀምረው አርሶ አደሩ የጀርባ መርጫውን ያዝላል። ኬሚካሉን በጠርሙሱ ክዳን ለክቶ ከውሃ ጋር ያዋህዳል፣ ነጠላውን ወይም ሻርፑን አፉ ላይ ሸብ አድርጎ በነፋሱ ውስጥ ይረጫል። ባዶው ጠርሙስ ከቦይ ዳር ይጣላል፤ አለዚያም ታጥቦ ላምባ ይያዝበታል። የባሰ ቀን ከመጣም ውሃ ይቀዳበታል።

ሦስተኛው ቦታ በሁለቱም ከተሞች የሚገኘው የጤና ተቋማት ጓሮ ነው። በጡብ የተሠራው ማቃጠያ ሲለኮስ ስሪንጁ፣ ጓንቱ፣ የግሉኮስ ላስቲኩና ካርቶኑ አብረው ይነዳሉ። ጭሱ ዝቅ ብሎ ወደ ሰፈር ይገባል፤ አመዱ ከነመርፌው ይቀራል።

ጋራዡ፣ ማሳውና ማቃጠያው የሚጥሉት ነገር መልኩ ለየቅል ነው። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ጉዳታቸው ወዲያው አለመታየቱ ነው። የእርሳስ ብናኝ ሽታ የለውም። ኬሚካል የገባበት የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ፣ አደጋው የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ይሆናል፤ አስቀድሞ ለማወቅ የግድ መለካት ያስፈልጋል። የመለኪያ መሣሪያውና አሠራሩን የሚያውቀው ባለሙያ ደግሞ በአብዛኛው የሚገኙት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ስለዚህ የዚህ ዘገባ ጥያቄ ይህ ነው፦ በግቢ አጥር ውስጥ ያለው እውቀት ከአጥሩ ውጭ ላለው ባለ ጉድጓድ እንዴት ይደርሳል?

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ተፋሰሶች

የጉራጌ ተራሮች ውሃ ይከፍላሉ። ከምዕራቡ ገጽ የሚወርደው በዋቤ ወንዝ በኩል ወደ ግቤ፣ ከግቤ ወደ ኦሞ፣ ከኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ወልቂጤ ያለችው በዚህ በኩል ነው። በምሥራቁ ገጽ የመቂ ወንዝ ከተራራው ሥር ተነሥቶ ወደ ዝዋይ፣ ዛሬ ደንበል ወደምንለው ሐይቅ ይገባል። ቡታጅራ ያለችው በዚያ በኩል ነው። ወልቂጤ ላይ መሬት የጠጣው ዘይት በግቤ ግድቦች አቅጣጫ ሲጓዝ፣ ቡታጅራ ላይ የተጣለው የኬሚካል ጠርሙስ ዓሣ ወደሚጠመድበትና መስኖ ወደሚጠለፍበት ሐይቅ ያመራል።

የቡታጅራ መሬት ሌላም ጠባይ አለው። አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ በቅርብ የጂኦሎጂ ዘመን እሳተ ገሞራ የሠራው ነው። ሐረ ሸይጣን የሚባለው ክብ ሐይቅ የተኛው በፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ስንጥቅና ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ውስጥ ውሃ በፍጥነት ይሰርጋል። የከርሰ ምድር ውሃ በብዛት መገኘቱ በረከት ነው፤ ከላይ የፈሰሰውም ነገር ሳይጣራ ሊደርስበት መቻሉ የበረከቱ ሥጋት ነው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወልቂጤ 28,866፣ ቡታጅራ 33,406 ነዋሪዎች ነበሯቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሰፍተዋል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ከተማ ሲሰፋ ትናንት ዳር የነበረው ጋራዥ ዛሬ መሀል ሰፈር ይገባል፤ የድሮው ቆሻሻ መጣያም በቤት ይከበባል።

ይህ መክበብ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አዲስ አበባ በመራራ መንገድ ተምራለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ቦታ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። በ1950ዎቹ ከከተማ ውጭ ተብሎ የተመረጠው መጣያ በዚያ ቀን በመኖሪያ ቤቶች ተከብቦ ነበር። ወልቂጤና ቡታጅራ ገና የመምረጥ ዕድል ባለበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

ወደ እንሰት የማይመለሰው

የጉራጌ ቤት ጓሮ ከጥንት ጀምሮ ቆሻሻን የሚያስተናግድበት ሥርዓት አለው። የከብቱ አዛባ፣ የምድጃው አመድና የቤቱ ጥራጊ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳሉ። እንሰቱ ከዚያ በልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ቅጠሉ ተመልሶ ለከብት ይቀርባል። ከቤቱ ፊት ለፊት የተዘረጋው ጀፎረ ደግሞ የጋራ ነው። ሰፊውን የሣር መንገድ ማንም አጥሮ አይወስደውም፤ ጥበቃውም በባህላዊ ሕግ ነው። አዲስ አበባ ከመጣም ይህ ሕዝብ ለቆሻሻ ባዳ አልሆነም። ከበር በር እየዞረ ብረታ ብረቱንና ጠርሙሱን የሚገዛው ቆራሌው፣ ከምናለሽ ተራ የመርካቶ ቀጥቃጮች ጋር ሆኖ የተጣለውን ወደ ዕቃነት ሲመልስ ኖሯል።

አደገኛ ቆሻሻ ይህን ዑደት ይሰብረዋል። እርሳስ አፈር ውስጥ አይበሰብስም። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ እስኪጋመስ ብቻ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ጥራጊው ከባትሪ ድንጋይና ከቀለም ቆርቆሮ ጋር ተቀላቅሎ ወደ እንሰት ሥር ከሄደ፣ ሲመግበን የኖረው ጓሮ መርዝ መልሶ የሚያመጣልን መንገድ ይሆናል። ሕዝቡ ስንፍና ይዞት አይደለም፤ በእጁ ያለው ባህላዊ ጥበብ ለሌላ ዓይነት ቆሻሻ የተበጀ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የመኪና ባትሪ ነው። ከክብደቱ ግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ የቀረው አሲድና ፕላስቲክ ነው። ባትሪን በመዶሻ ሰብሮ አሲዱን መሬት ላይ ማፍሰስና እርሳሱን በግቢ ውስጥ ማቅለጥ በብዙ የአፍሪካ ከተሞች የሚሠራ ሥራ ነው። በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። የተገኘው ምክንያት በሰፈሩ አሸዋ ውስጥ የተከማቸ፣ ከባትሪ የመጣ እርሳስ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ጉዳት የለሽ የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። ሕፃን ልጅ መሬት ላይ ይጫወታል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ አንጎሉም ገና በማደግ ላይ ነው። ስለዚህ ቀዳሚው ተጎጂ እሱ ነው፤ ጉዳቱም ትምህርት ላይ በመድከም እንጂ በሚታይ ቁስል አይገለጽም።

የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ ውስጥ የብረታ ብረት ብናኝ ይዞ ይወጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለሕዝብ በሚያሰራጨው ትምህርት አንድ ጋሎን ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ውሃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በሊትር ቢሰላም ያው ነው፤ አንዱ ሊትር ለሚሊዮኑ ሊትር ይተርፋል።

ፀረ ተባይ ኬሚካልን በተመለከተ አገራችን ረዥም ታሪክ አላት። ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ፣ ዝዋይ አጠገብ ያለው የአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ለወባ መከላከያ ይውል የነበረውን ዲዲቲ ለዓመታት ሲያዘጋጅ ቆይቷል። በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ተከማችቶ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነው ታሽጎ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል ተደርጓል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የተመራማሪዎች ሥራም ከኢትዮጵያ በተወሰደ ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት መገኘቱን አሳይቷል። ጫት ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ የሚበላ ቅጠል ነው። ጫት ለሚያመርት አካባቢ ይህ የላኪውም የቃሚውም ጉዳይ ነው።

የጤና ተቋማት ቆሻሻ መጠኑ ይህን ያህል አያስፈራም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሚወጣው 85 በመቶው ተራ ቆሻሻ ሲሆን አደገኛው 15 በመቶ ያህሉ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲነድ ዳዮክሲን የሚባሉ፣ በሰውነት ስብ ውስጥ የሚከማቹ መርዞች ይፈጠራሉ። ይህን ለመከላከል ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። በጡብ የተሠራ ትንሽ ማቃጠያ ያን ሙቀት አይዝም። ስለዚህ ካርቶኑን ከመርፌው መለየት ብቻውን፣ ምንም ማሽን ሳይገዛ፣ ጭሱን በብዙ ይቀንሰዋል።

ዩኒቨርሲቲ ከግቢው ሲወጣ

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ከጅምሩ ከሕዝብ ጤና ጋር አብሮ ያደገ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ነበር። ሳኒታሪያኑ ሥራው ከጉድጓድ፣ ከመጸዳጃና ከቆሻሻ ጋር ነው። የሦስቱ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ወደ ወረዳ ወርደው እንዲሠሩ መደረጉ ለዛሬው አስተማሪ ነው፤ ሐኪሙ ብቻውን ሊፈታው የማይችል ችግር እንዳለ ያኔም ታውቆ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ተማሪዎች አንድ አንድ ዓመት ወደ ገጠርና ወደ ትንንሽ ከተሞች ላከ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ደግሞ የማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ ምሰሶ አደረገው።

ቡታጅራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላት። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን እዚህ መሠረተ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው በየቤቱ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ተመዘገቡ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ የአካባቢው ልጆች ነበሩ። በአፍሪካ ረዥም ዕድሜ ካላቸው የሕዝብ ምዝገባ ጣቢያዎች አንዱ ይህ ነው። የአገሪቱ ብዙ የጤና ተመራማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ማስረጃ ያገኙት ከቡታጅራ ቤቶች ነው።

ከእነዚህ ጥናቶች አንዱ ለያዝነው ነገር ቅርብ ነው። ዶክተር አበራ ኩምዬና ባልደረቦቻቸው በአካባቢው የገጠር ቤቶች ውስጥ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለውን የጭስ ጋዝ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 97 ማይክሮግራም ያህል መሆኑን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በወቅቱ ያስቀመጠው ዓመታዊ ጣሪያ 40 ነበር። እናቶች ዓይናቸውን እያሹ ሲያውቁት የኖሩት ጭስ ቁጥር አገኘ። ቁጥር ሲኖር ምድጃ ማሻሻል፣ መስኮት መክፈት፣ ሕፃኑን ከእሳቱ ማራቅ ከምክር አልፈው በልክ የተደገፉ ውሳኔዎች ይሆናሉ። ለጭሱ የተቻለ ለጉድጓዱም ይቻላል።

ዛሬ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከአዲስ አበባ መምጣት አያስፈልገውም። ከወልቂጤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጉብሬ ላይ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀምሯል። ምህንድስና፣ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ግብርና፣ ጤናና ሕግ በአንድ ግቢ ይሰጣሉ። የብክለት ጉዳይ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፦ ናሙናውን የሚመረምር ኬሚስት፣ የውሃውን መንገድ የሚያነብ መሐንዲስ፣ የልጆቹን ደም የሚያይ ሐኪም፣ የገበሬውን ማሳ የሚያውቅ የግብርና ባለሙያና ሕጉን ተርጉሞ የሚያስረዳ ጠበቃ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ማኅበረሰብን ማገልገልን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ሥራ አድርጎታል።

ጥርጣሬ ቁጥር የሚሆንበት መንገድ

ከአንድ ጋራዥ በታች ያለ ቤተሰብ የጉድጓዱ ውሃ ጣዕሙ ተለወጠብኝ ቢል ምን ይደረጋል? ትክክለኛው ሥራ በጥያቄ ይጀምራል። ጉድጓዱ መቼ ተቆፈረ? ስንት ሜትር ነው? ክረምትና በጋ ይለያያል? ጋራዡ ከመምጣቱ በፊት ቦታው ምን ነበር? ይህን የሚያውቁት አዛውንቶቹና የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ በካርታ ላይ የለም። ቀጥሎ ቦታው በእግር ይታያል። ጎርፉ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይታያል፤ መጸዳጃውም ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል።

ናሙና አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለእርሳስና ለሌሎች ብረታ ብረቶች የሚወሰድ ውሃ በንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳና ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ እንዳይጣበቅ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ለፀረ ተባይ ኬሚካል የሚወሰደው ደግሞ ብርሃን በማያስገባ የመስታወት ጠርሙስ ሆኖ በበረዶ ሳጥን ይጓጓዛል። አፈር ከሆነ ከአንድ ቦታ ብቻ አይዘገንም፤ ከግቢው ከተለያዩ ነጥቦች ከላይኛው ሽፋን ተወስዶ ይቀላቀላል። ከጋራዡ በላይ ካለ፣ ብክለቱ ሊደርስበት ከማይችል ቦታም ማነጻጸሪያ ናሙና ይወሰዳል። ያለ ማነጻጸሪያ የተገኘ ቁጥር ጋራዡን ሊከስም ነጻ ሊያወጣም አይችልም። እያንዳንዱ ጠርሙስ ማን ቀዳው፣ መቼ፣ ማን ተረከበው የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ይህ ተራ ወግ ይመስላል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።

በቤተ ሙከራ የሚወጣው ቁጥር ከመመዘኛ ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የእርሳስ ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። እዚህ ላይ ሥራው አልቋል ብሎ የሚያስብ ተመራማሪ ብዙ ነው፤ ጽሑፉ ይታተማል፣ ማዕረግ ይገኛል። ለባለ ጉድጓዱ ግን ሥራው ገና አልተጀመረም። ውሃውን ልጠጣ ወይስ አልጠጣ? ማፍላት ይረዳኛል? እርሳስን ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አንዲት እናት ዘንድ በጊዜው ማድረስ አንድ ጽሑፍ ከማሳተም የማይተናነስ ሥራ ነው።

ከዎበርን የመጣ ትምህርት

በሌላው ዓለም የሆነውን ማየት መንገዱን ያሳጥራል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ዎበርን በምትባል ከተማ እናቶች በሰፈራቸው ሕፃናት ላይ የደም ካንሰር መብዛቱን አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለት የከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች በኢንዱስትሪ ኬሚካል ተበክለው ተገኙና ተዘጉ። የነዋሪዎቹ ማኅበር ሊረዳው የሚችል ሲፈልግ የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት የስታቲስቲክስ ምሁራን አገኘ። ወደ 300 የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው በሺህ ለሚቆጠሩ ቤተሰቦች በስልክ መጠይቅ አቀረቡ። ጥናቱ ከሕዝቡ ጋር ተሠርቶ ውጤቱም ለሕዝቡ በአደባባይ ተነገረ።

በዚሁ ዘመን በኒው ዮርክ ግዛት ላቭ ካናል በተባለ ሰፈር፣ በኬሚካል መቅበሪያ ላይ የተሠሩ ቤቶች ነዋሪዎች ያስነሡት ጩኸት እ.ኤ.አ. በ1980 ለተበከሉ ቦታዎች ጽዳት የሚውል ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ሆነ። ሕጉ በ1986 ሲሻሻል ነዋሪዎች የራሳቸውን ባለሙያ መቅጠር የሚችሉበት እስከ 50,000 ዶላር ድጋፍ ተጨመረ። ኋላም ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ ባለሙያ ወደ ነዋሪዎች የሚልኩበት አሠራር ተዘረጋ። የባለሙያው ተግባር የመንግሥትንና የፋብሪካውን ሰነድ ከነዋሪው ጋር ተቀምጦ ማንበብ፣ ጥያቄውን ማጥራት፣ ያለውን አማራጭ ማስረዳት ነበር። ውሳኔው የነዋሪው ሆኖ ይቀራል።

ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ከገንዘቡ በላይ አቋሙ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ነው፣ ጋራዡ ተቆጣጣሪውን ይፈራል፣ ነዋሪው ሁለቱንም ይጠረጥራል። ዩኒቨርሲቲ ግን ፈቃድ አይሰጥም፣ አይቀጣም፣ አይነግድም። መካኒኩም ነዋሪውም እኩል በር ሊከፍቱለት የሚችል ተቋም እሱ ነው። ይህ አመኔታ የሚጠበቀው ውጤቱ ለማንም ሳይደበቅ ሲነገር ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ተጨመረ። ለነዋሪው እጅግ የሚጠቅመው ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ ጉዳቱ እኔን ነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ድርጊት ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ይህ በር ሰፊ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይገባበትም። ባዶ እጅ የሚቀርብ አቤቱታ ሸምጋይ እንጂ ዳኛ ፊት ስለማይቆም ነው። ዩኒቨርሲቲው ናሙናውን በሥርዓት ሲወስድ፣ የሕግ መምህራኑና ተማሪዎቹም አቤቱታውን ሲያግዙ አንቀጹ ሕይወት ይዘራል። ዩኒቨርሲቲው መካኒኩንም አይረሳም። ዓላማው የዕለት እንጀራውን መዝጋት አይደለም፤ ዘይቱን የሚያደርስበት ቦታ መስጠት ነው።

እድሩ፣ ጋራዡና ጉብሬ

በዚህ አካባቢ የሚጎድለው መደራጀት አይደለም። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ማኅበር አቋቁሞ መንገድ የሠራ ሕዝብ ነው፤ ቡታጅራን የሚያቋርጠው የዓለም ገና መንገድም በእንዲህ ያለ ርብርብ ታሪኩ ይታወሳል። እድርና እቁብ በየሰፈሩ አለ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ሺህ በራሪ ወረቀት የማይደርስበትን ቤት የእድር ስብሰባ በአንድ እሑድ ይደርስበታል።

ስለዚህ ሥራው ከትንሹና ከሚታየው ይጀምር። ጋራዦች በአንድ ሰፈር ከተሰበሰቡ ለሁሉም የሚሆን የተቃጠለ ዘይት በርሜል፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ተለስኖ ከላይ ጣራ ተደርጎለት ይቀመጥ። በርሜሉ ሲሞላ የሚወስደው ሰው አስቀድሞ ይታወቅ። በሌሎች አገሮች የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃዎች ወደ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀታቸው ያገለገለ ዘይትን በማገዶነት ይጠቀሙበታል፤ ሲሚንቶ ለሚያመርት አገራችንም ይህ ሊታሰብ የሚገባው መንገድ ነው። አዲስ ባትሪ የሚገዛ አሮጌውን ሳይሰብር ከነአሲዱ ለሻጩ ይመልስ፤ ሻጩም ዋጋ ይቀንስለት። ቆራሌው ይህን ሠንሰለት ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ተባራሪ ሳይሆን ሠልጣኝና አጋር ይሁን።

በቡታጅራ ማሳዎች የሚያስፈልገው ልምድ ቀላል ነው። የኬሚካሉ ጠርሙስ ባዶ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ ማሳው ላይ ይረጭ፣ ጠርሙሱም ዳግም ምንም እንዳይያዝበት ይበሳ። ይህን የግብርና ተማሪዎች በአንድ ማሳ ጥግ ላይ ቆመው በእጃቸው ቢያሳዩት ከረዥም ንግግር ይሻላል። በጤና ተቋማትም የሥልጠናው መጀመሪያ ካርቶኑንና ፕላስቲኩን ከመርፌው ለይቶ መጣል ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደንብ ሊጸና ይገባል። በእነዚህ ከተሞች ከሰው ጉድጓድ ውሃ፣ ከሰው ግቢ አፈር፣ ከሰው ልጅ ደም የወሰደ ተመራማሪ ሁሉ ውጤቱን ይመልስ። የሚመልሰውም በቀላል አማርኛና በሰፈሩ የጉራጊኛ ዘዬ ነው፤ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ምን ተገኘ፣ ምን ማለት ነው፣ ነገ ጠዋት ምን ይደረግ። አንዱ ቅጂ ለቤቱ፣ አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ ለእድሩ ይድረስ። ጉድጓዱ ንጹሕ ከሆነም ንጹሕ ነው ተብሎ ይነገር፤ ከሥጋት ነጻ መውጣትም ውጤት ነው። ጊዜውም ሕጉ ለመሥሪያ ቤቱ የሰጠው 30 ቀን ይሁን፤ መንግሥት በዚያ ጊዜ መልስ እንዲሰጥ የሚገደድ ከሆነ ዩኒቨርሲቲም ከዚያ የዘገየ ምክንያት የለውም።

ቡታጅራ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገሪቱ ሳይንስ በሯን ከፍታለች። ወልቂጤም ስሟን ለዩኒቨርሲቲዋ ሰጥታለች። ሁለቱም ድርሻቸውን ተወጥተዋል። አሁን ተራው የጉብሬ ግቢ ነው። በእያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት ማጽደቂያ ቅጽ ላይ ውጤቱ ለማን፣ መቼ እና በምን ቋንቋ እንደሚመለስ የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨመር፤ ያ መስመር ያልተሞላበት ጥናትም አይጽደቅ።